ከሻማ እስከ ማስጠንቀቂያ ደወል፤ በሥራ ቦታ አደገኛ ጋዝን የመለየት ታሪክ

ታሪክ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከነገሥታት፣ ከጦርነቶችና ከውሎች ነው። የሠራተኛው ታሪክ፣ በተለይም ሠራተኛው በሥራ ላይ እንዳለ ሕይወቱን እንዴት ይጠብቅ እንደነበር የሚያስረዳው ታሪክ፣ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚሁ ታሪክ አንዱን ክፍል እንመለከታለን። ይኸውም የሰው ልጅ በዓይን የማይታየውን፣ አንዳንድ ጊዜም በአፍንጫ የማይሸተተውን አደገኛ ጋዝ አስቀድሞ ለማወቅ ያደረገው ጥረት ነው። ጉዳዩ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ብቻ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ሦስት የታሪክ ጥያቄዎች ይወጡበታል፦ አደጋውን ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? ማስጠንቀቂያውን የሚሰማው ማን ነው? ሰምቶስ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው ራሱ መጠቆሚያ በነበረበት ዘመን

እንደሚታወቀው የእንግሊዝ አገር የኢንዱስትሪ አብዮት ዋና ማገዶው የድንጋይ ከሰል ነበር። በእንፋሎት የሚሠራው የውሃ መሳቢያ ሞተር ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የከሰሉ ጉድጓዶች እየጠለቁ ሄዱ። ጉድጓዱ በጠለቀ መጠን ደግሞ ከከሰሉ ንብርብር ውስጥ የሚወጣው ሚቴን የተባለው ጋዝ እየበዛ መጣ። ሚቴን ቀለምም ሽታም የለውም። ከአየር ጋር ተቀላቅሎ መጠኑ በመቶ ከ5 እስከ 15 ሲደርስ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትነካው ይፈነዳል። ቆፋሪው በጨለማ ውስጥ የሚሠራው ሻማ ለኩሶ ነበርና የሚያይበት ብርሃን ራሱ ገዳዩ ሆነበት።

በዚያን ዘመን ጋዝ መኖሩን ለማወቅ የነበረው ዘዴ የሻማውን ነበልባል በጥንቃቄ መመልከት ነበር። ጋዝ ካለ በነበልባሉ አናት ላይ ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ያን ያየ ልምድ ያለው ቆፋሪ ሻማውን ቀስ አድርጎ ዝቅ ያደርግና ወደ ኋላ ይመለሳል። በአንዳንድ ጉድጓዶች ደግሞ ከዚህ የከፋ ልማድ ነበር። አንድ ሰው በውሃ የተነከረ ልብስ ለብሶ፣ በደረቱ እየተሳበ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ያሰረውን ሻማ ወደ ፊት እየገፋ፣ በጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ጋዝ ሆን ብሎ እንዲያቃጥል ይላካል። ሌሎቹ ወደ ሥራ የሚገቡት እርሱ ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ታሪክ የመጀመሪያው የጋዝ መጠቆሚያ መሣሪያ የሰው ገላ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

የፌሊንግ ፍንዳታና የደህንነት ፋኖስ

በግንቦት 25 ቀን 1812 በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በሚገኘው በፌሊንግ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ከባድ ፍንዳታ ደረሰና 92 ሰዎች ሞቱ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። የአካባቢው ቄስ ጆን ሆጅሰን ሙታኑን ቀብረው ዝም አላሉም። ስለ አደጋው ዝርዝር መግለጫ ጽፈው አሳተሙ፤ የሟቾቹንም ስም በጽሑፍ አኖሩ። የታሪክ መምህራን እንደመሆናችን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ከዚያ በፊት በጉድጓድ ውስጥ የሞተ ሠራተኛ ከቤተሰቡና ከመንደሩ ውጭ ስሙን የሚያውቅለት አልነበረም። የሆጅሰን መግለጫ ግን ጉዳዩን ወደ አደባባይ አወጣው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1813፣ በሰንደርላንድ ከተማ በከሰል ጉድጓዶች የሚደርሰውን አደጋ ለመከላከል አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያም ለሳይንስ ሰዎች ጥሪ ቀረበ።

ለጥሪው መልስ ከሰጡት ውስጥ ሦስቱ ይጠቀሳሉ። ዊልያም ክላኒ የተባለው ሐኪም በ1813 የመጀመሪያውን ፋኖስ ሠርቶ አቀረበ። በ1815 ደግሞ በጊዜው ዝናው የገነነው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪና በከሰል ጉድጓድ የሞተር ሠራተኛ ሆኖ ያደገው ጆርጅ ስቲቨንሰን፣ በተለያየ ቦታ ሆነው በተቀራራቢ ጊዜ የየራሳቸውን ፋኖስ ሠሩ። ከሁለቱ ማን እንደቀደመ ብዙ ክርክር ተነሣ። ዴቪ የ2,000 ፓውንድ ሽልማት ሲያገኝ፣ ስቲቨንሰን ከደጋፊዎቹ በተዋጣ ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ተሰጠው። ዴቪ ለፈጠራው የባለቤትነት መብት አለመጠየቁ ግን ሊመሰገን ይገባዋል።

የዴቪ ፋኖስ የተመሠረተበት ሐሳብ ቀላል ነው። ነበልባሉ በቀጭን የሽቦ ወንፊት ይከበባል። ሽቦው ብረት ስለሆነ የነበልባሉን ሙቀት ፈጥኖ እየሳበ ይበትነዋል። ስለዚህ በወንፊቱ ቀዳዳ የሚያልፈው ጋዝ በውጭ ያለውን ጋዝ ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አይኖረውም። ከዚህም በላይ ፋኖሱ መብራት ብቻ ሳይሆን መለኪያም ሆነ። ሚቴን በአየሩ ውስጥ ሲኖር በነበልባሉ ላይ ሰማያዊ ቆብ ይታያል፤ የቆቡም ቁመት ጋዙ በበዛ መጠን ይጨምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዝቶ ኦክሲጅን ሲያንስ ደግሞ ነበልባሉ ይደክማል፣ ቀጥሎም ይጠፋል። በጥር ወር 1816 ፋኖሱ በሄበርን ጉድጓድ ሲሞከር፣ ይዘው ከወረዱት አንዱ እነዚያው ቄስ ሆጅሰን ነበሩ።

ፋኖሱ መጣ፣ ሞት ግን አልቀነሰም

በብዙ የሳይንስ መጻሕፍት ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሊቁ ፋኖሱን ፈጠረ፣ ሠራተኛውም ዳነ ይባላል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1835 የእንግሊዝ ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ጉዳዩን ሲመረምር፣ በደርሃምና በኖርዘምበርላንድ አውራጃዎች ፋኖሱ ከገባ በኋላ በነበሩት 18 ዓመታት ውስጥ የሞቱት ሰዎች ፋኖሱ ከመግባቱ በፊት በነበሩት 18 ዓመታት ከሞቱት ይበልጡ እንደነበር ተገነዘበ።

ይህ ለምን ሆነ? ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ፋኖሱ የራሱ ጉድለት ነበረው። ነፋስ ሲበረታ ነበልባሉን በወንፊቱ ቀዳዳ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ወንፊቱ ሲዝግ ወይም ሲበሳ ጥበቃው ይቀራል። ብርሃኑም ደብዛዛ ስለነበረ፣ ደመወዙ ባወጣው ከሰል መጠን የሚታሰብለት ቆፋሪ ፋኖሱን ለመክፈት ይገደድ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በጋዝ ብዛት ምክንያት ተዘግተው የነበሩ ጉድጓዶች «አሁን ፋኖስ አለን» ተብሎ እንደገና ተከፈቱ። አዳዲሶቹም ይበልጥ ጥልቅ እየሆኑ ተቆፈሩ። አየር ማናፈሻ ለማስፋት መውጣት የነበረበት ገንዘብ ሳይወጣ ቀረ። ሠራተኛውን ሊጠብቅ የተፈጠረው መሣሪያ ሠራተኛውን ወደ ባሰ አደጋ ለመላክ ማመካኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው መሠረታዊ ነገር አለ። መጠቆሚያ መሣሪያ አደጋውን ያሳያል እንጂ አደጋውን አያስወግድም።

ሃልዴንና ካናሪዋ ወፍ

በጥር 27 ቀን 1896 በዌልስ በታይለርስታውን ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 57 ሰዎች ሞቱ። የሞታቸውን ምክንያት እንዲያጠና የተላከው ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። ሃልዴን አስከሬኖቹን ሲመረምር አብዛኞቹ የሞቱት በፍንዳታው ኃይል ወይም በቃጠሎው እንዳልሆነ አወቀ። የገደላቸው ከፍንዳታው በኋላ በጉድጓዱ የተሠራጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነበር። ይህ ጋዝ ሽታ፣ ቀለምና ጣዕም የለውም። በደም ውስጥ ኦክሲጅን ተሸካሚ ከሆነው ከሄሞግሎቢን ጋር ለመጣበቅ ያለው ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው አየር እየተነፈሰ ሳለ ገላው ኦክሲጅን አጥቶ ይሞታል። ሃልዴን የዚህን ጋዝ ጠባይ ለማወቅ ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ የሚሰማውን ይመዘግብ ነበር።

ከጥናቱም በኋላ ቆፋሪዎችና አዳኞች ትንንሽ እንስሳትን ይዘው እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ። በዚህ መሠረት ካናሪ የተባለችው ትንሽ ቢጫ ወፍ ለሥራው ተመረጠች። ወፍ አተነፋፈሷ ፈጣን ነው፤ በገላዋ ውስጥ ባሉት የአየር ከረጢቶችም ምክንያት አየር ስታስገባም ስታስወጣም ኦክሲጅን ታገኛለች። ስለዚህ መርዙ ከሰው ቀድሞ ይደርስባታል። ወፏ ከመቆሚያዋ ስትወድቅ ሰዎቹ ለመውጣት ጥቂት ጊዜ ያገኛሉ። አንዳንዱ የወፍ ቤት ትንሽ የኦክሲጅን ጠርሙስ የተገጠመለት ስለነበረ ወፏን መልሶ ማንቃት ይቻል ነበር። በእንግሊዝ የከሰል ጉድጓዶች የቀሩት ካናሪዎች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እንዲተኩ የተወሰነው በ1986 ነው።

ዕውቀቱ በዚህ ደረጃ ቢያድግም ሕግ የማስከበሩ ነገር ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በጥቅምት 14 ቀን 1913 በዌልስ በሴንገኒድ ጉድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 439 ቆፋሪዎችና አንድ አዳኝ ሞቱ። ይኸው ጉድጓድ በ1901 ፈንድቶ 81 ሰዎች ሞተውበት ነበር። ከምርመራው በኋላ የጉድጓዱ ሥራ አስኪያጅ 24 ፓውንድ፣ ኩባንያው ደግሞ 10 ፓውንድ ተቀጡ። መቀጮው በሟቾቹ ቁጥር ሲካፈል ለአንድ ሕይወት የሚደርሰውን ተማሪዎቻችን ራሳቸው አስልተው ቢያዩት የዘመኑን ሁኔታ ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይረዱታል።

ወደ መሣሪያው ዘመን

በ1920ዎቹ በጃፓን ጂሮ ጹጂ የተባለው ተመራማሪ በብርሃን ሞገድ አማካይነት የሚቴንን መጠን የሚለካ መሣሪያ ሠራ። በአሜሪካም ኦሊቨር ጆንሰን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ባለሙያ፣ የነዳጅ ትነት በመርከቦች ላይ የሚያደርሰውን ፍንዳታ ለመከላከል ሌላ ዓይነት መጠቆሚያ አበጀ። የጆንሰን መሣሪያ አሠራር እንዲህ ነው። በኤሌክትሪክ የጋለ የፕላቲኒየም ሽቦ በውስጡ አለ። ተቀጣጣይ ጋዝ ሽቦውን ሲነካ በሽቦው ገጽ ላይ ይቃጠላል፤ ሽቦውም ይበልጥ ይግላል። የጋለ ሽቦ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ ስለሚጨምር ለውጡ በመርፌ ቆጣሪ ላይ ይነበባል። ዛሬም በብዙ ፋብሪካዎች ያሉት ተቀጣጣይ ጋዝ ጠቋሚዎች በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ። ለመርዛማ ጋዝ ደግሞ በኬሚካዊ ለውጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ትንንሽ ሴሎች ተሠሩ። ሌሎች መሣሪያዎች በኢንፍራሬድ ብርሃን ይጠቀማሉ። በተለመደው አሠራር ደወሉ የሚጮኸው ጋዙ ለመፍንዳት ከሚበቃው ዝቅተኛ መጠን ገና ከ10 እስከ 20 በመቶው ላይ ሲደርስ ነው። ይህም ሰው ለመውጣት፣ ቧንቧ ለመዝጋትና አየር ለማስገባት ጊዜ እንዲያገኝ ታስቦ የተደረገ ነው።

ትምህርት ቤቱን ያጠፋው ሽታ የሌለው ጋዝ

የጋዝ አደጋ በጉድጓድና በፋብሪካ ብቻ የተወሰነ አለመሆኑን የሚያሳየው ለእኛ ለመምህራን እጅግ መሪር የሆነ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት በኒው ለንደን የነበረው ትምህርት ቤት በነዳጅ ሀብት በከበረ አካባቢ የተሠራ ዘመናዊ ሕንፃ ነበር። በ1937 መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ወጪ ለመቀነስ ሲል የጋዝ ሻጩን ውል ሰርዞ፣ ከአካባቢው የነዳጅ መስክ ከሚጣለው ትርፍ ጋዝ በቧንቧ አስጠለፈ። ይህ ጋዝ ሽታ አልነበረውም። ከቧንቧው እያመለጠ ከወለሉ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ተጠራቀመ። በመጋቢት 18 ቀን 1937 ከሰዓት በኋላ በእጅ ሥራ ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲነሣ ፍንጣሪው ጋዙን አቀጣጠለውና ሕንፃው ፈረሰ። ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ።

ከዚህ አደጋ በኋላ በቴክሳስ ለሽያጭ በሚቀርብ ጋዝ ውስጥ መጥፎ ሽታ ያለው ቅመም እንዲጨመር በሕግ ተደነገገ፤ ልማዱም ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ዛሬ በየቤታችን የምንጠቀምበት የሲሊንደር ጋዝ ሲያፈስ የሚሸተን በዚህ ምክንያት ነው። ሽታው የራሱ የጋዙ አይደለም። የአፍንጫን ተፈጥሯዊ መጠቆሚያነት ለመጠቀም ተብሎ የተጨመረ ነው።

ቦፓል፤ እንባ ብቻ ማስጠንቀቂያ በሆነበት ሌሊት

ይሁንና አፍንጫና ዓይን ሁልጊዜ አይታመኑም። ለዚህ ከሁሉ የከፋው ማስረጃ በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ የደረሰው እልቂት ነው። የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ የሕንድ ቅርንጫፍ በዚያ ከተማ የነፍሳት ማጥፊያ መድኃኒት የሚሠራ ፋብሪካ ነበረው። ለሥራው የሚያስፈልገው ሜቲል አይሶሳያኔት የተባለው መርዛማ ኬሚካል በትልልቅ ታንኮች ይቀመጥ ነበር። በኅዳር ወር መጨረሻ ማለትም በአውሮፓ ዲሴምበር 2 ለ3 አጥቢያ 1984፣ ውሃ ከታንኮቹ አንዱ ውስጥ ገባ፤ በተፈጠረውም ኬሚካዊ ለውጥ ታንኩ ግሎ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ መርዝ ወደ ከተማው ተለቀቀ።

በፋብሪካው መከላከያ አልነበረም ማለት አይደለም። ነገር ግን ታንኩን የሚያቀዘቅዘው ማሽን ከወራት በፊት እንዲቆም ተደርጎ ነበር። የሚያመልጠውን ጋዝ በኬሚካል የሚያጥበው ክፍል በሥራ ላይ አልነበረም። የሚያቃጥለውም ማማ ቧንቧው ለጥገና ተፈትቶ ነበር። ስለ መጠቆሚያው ስናነሣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ያሳዝናል። ሠራተኞቹ ጋዝ ማፍሰሱን የሚያውቁት ዓይናቸው ሲያቃጥላቸውና ሲያነባ ነበር። ለሠራተኛ የተፈቀደው የዚህ ጋዝ ከፍተኛ መጠን ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.02 ክፍል ብቻ ነው። የሰው አፍንጫና ዓይን የሚያውቁት ግን 2 ክፍል ገደማ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ዓይን ባነባበት ሰዓት መጠኑ ከተፈቀደው ወደ 100 ጊዜ አልፏል ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ዓይናቸው የተቃጠለ ሠራተኞች ለኃላፊ ቢነግሩም ጉዳዩ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይታያል ተብሎ እንደተላለፈ በኋላ የተደረጉት ምርመራዎች ገልጸዋል። ለሕዝቡ የሚጮኸውም ሳይረን ተከፍቶ ወዲያው ተዘጋ።

ጋዙ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ በምድር ላይ እየተሳበ በፋብሪካው አጠገብ ወደሚኖሩት ድሆች ጎጆ ገባ። ሰዎቹ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ሲሮጡ ይበልጥ ተነፈሱት። እርጥብ ጨርቅ በአፍና በአፍንጫ ላይ ማድረግ ይረዳ እንደነበር የነገራቸው አልነበረም። የግዛቱ መንግሥት ወዲያው የሞቱትን 3,787 ብሎ መዝግቧል፤ የተጎጂዎች ማኅበራት ግን ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል ይላሉ። ራጅኩማር ኬስዋኒ የተባለው የከተማው ጋዜጠኛ ከ1982 ጀምሮ አደጋ እንደሚመጣ ጽፎ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተነበበ፤ ሥራውን የሚያስቆም ግን አልተገኘም። በ1989 ኩባንያው 470 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ። ከቦፓል በኋላ ሕንድ በ1986 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት አሜሪካ በፋብሪካ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደሚከማች የማወቅ መብት እንዲኖረው ደነገገች። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1993 ታላላቅ የኢንዱስትሪ አደጋዎችን ስለመከላከል ስምምነት አጸደቀ።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩ ምን ያህል ይመለከተናል?

ከላይ የተተረከው ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። በቆዳ ፋብሪካ ጸጉር ለመመለጥ የሚያገለግለው የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲድ ፍሳሽ ጋር ቢገናኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። በኬንያ ኦልካሪያም ሆነ በአገራችን አሉቶ ላንጋኖ ከምድር ውስጥ ከሚወጣው እንፋሎት ጋር ይኸው ጋዝ አብሮ ይመጣል። ይህ ጋዝ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን ወደ 100 ክፍል ሲጠጋ ግን የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል። ስለዚህ «ሽታው ጠፋ» ማለት አደጋው አለፈ ማለት ሳይሆን አደጋው ባሰ ማለት ሊሆን ይችላል። ታይለርስታውን ሰዎችን የገደለው ካርቦን ሞኖክሳይድም በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የሚተኛ ቤተሰብን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው።

መሣሪያ መግዛት ብቻውን እንደማይበቃም መታወቅ አለበት። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ጠቋሚው ከጣሪያ አጠገብ፣ የሲሊንደር ጋዝ ግን ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ከወለል አጠገብ መቀመጥ ይኖርበታል። ጠቋሚው መጠኑ በታወቀ ጋዝ በየጊዜው ካልተፈተነ መርፌው ዜሮ ላይ ቆሞ ሰውን ያታልላል። የሲሊኮን ትነት የነካው የፕላቲኒየም ጠቋሚም ሳይታወቅ ሊበላሽ ይችላል። ከሁሉም በላይ ደወሉ ሲጮኽ «ይህ ሁልጊዜ ይጮኻል» ብሎ የሚያጠፋው ሰው ካለ መሣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል።

የሕግ መሠረቱ ዛሬ አለ። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የዓለም የሥራ ድርጅትም በ2022 ደህንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሠራተኛ መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል። ነገር ግን መብቱን የማያውቅ ሠራተኛ ሕጉ በወረቀት ላይ መኖሩ አይጠቅመውም። ከአንድ ክፍል ተማሪዎቻችን መካከል ነገ ወደ ቆዳ ፋብሪካ፣ ወደ ውሃ ማጣሪያ፣ ወደ ማዕድን ሥራ የሚሄዱ ይኖራሉ። አንዳንዶቹም ሥራ አስኪያጅ ይሆናሉ።

ስለዚህ የታሪክና የሳይንስ መምህራን ይህን ትምህርት ተባብረን ብናስተምረው መልካም ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ የጋዙን ጠባይ፣ የፊዚክስ መምህሩ የፋኖሱን ወንፊት፣ የታሪክ መምህሩ ደግሞ የ1835ቱን ኮሚቴና የቦፓልን ሌሊት ያስረዳል። ከሁሉ በፊት ግን ከራሳችን ቤት እንጀምር። የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ መስኮቱ ይከፈታል? የሲሊንደሩ ጎማ መቼ ተለወጠ? ተማሪ «ራሴን አመመኝ» ሲል አዳምጠን መስኮት እንከፍታለን ወይስ ትምህርቱን እንቀጥላለን? አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ቅጠሉን ይዞ የሚቆመው ግን ሰው ነው፤ ያም ሰው አደጋውን ሲያይ «ሥራው ይቁም» ለማለት ዕውቀትም ድፍረትም ሥልጣንም ያስፈልገዋል።